ልጃችሁ ጨለማ ሲፈራ፦ ሐዋሳ ላይ ለምናሳድግ ወላጆች

ሐዋሳ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀንና ሌሊቷ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። ፀሐይ ከ12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ከሐይቁ ማዶ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ ለመጨለም ግማሽ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። እንግዲህ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሚተኛ የ4 ዓመት ልጅ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ገደማ ነቅቶ በጨለማ ያሳልፋል። ጨለማ የሚፈራ ከሆነ ችግሩ አልጋ ላይ ብቻ አይቀርም። እራት ላይ እናቱ ላይ ይለጠፋል፣ ሽንቱን ይይዛል፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ጫማውን እንኳ ሄዶ አያመጣም።

ጨለማ መፍራት የፈሪ ልጅ ምልክት አይደለም። ከ3 ዓመት አካባቢ ጀምሮ የልጆች ምናብ ይሰፋል፤ የሌለ ነገር ማሰብና መፍጠር ይችላሉ። ያሰቡትን ካለው ነገር ለይቶ ማወቁ ግን ቆየት ብሎ ነው የሚመጣው። ዓይናቸው የማያይበትን ቦታ ምናባቸው ይሞላዋል። ደግነቱ አብዛኞቹ ልጆች ከጊዜ ጋር ይተዉታል። እኛ በአግባቡ ካገዝናቸው ደግሞ ቶሎ ይተዉታል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አንድ ነገር አጥብቄ ስለማምን ነው። ፍርሃት በምክር አይለቅም። «ምንም የለም፣ አትፍራ» ሺህ ጊዜ ብንል ልጁ አይሰማንም፤ እሱ የሚፈራው «አለ» ብሎ ነዋ። የሚያላቅቀው ራሱ ጨለማ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እየቆየ ምንም እንዳልሆነ ሲያይ ነው። ዋና ስናስተምር ልጅን መሐል ሐይቅ አንወረውረውም፤ ዳር ላይ ተቀምጦ እንዲያይ ብቻም አንተወውም። እዚህም እንደዚያው ነው።

1. መጀመሪያ ዓይኑን

ብዙ ወላጅ ይህን ይዘለዋል። አንዳንድ ልጅ ጨለማን የሚፈራው የምር ስለማያይ ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረት ዳፍንት ያመጣል። ዳፍንት ያለበት ልጅ ቀን ቀን ደህና ያያል፤ ሲመሻሽ ግን በደብዛዛ ብርሃን ዕቃ ይመታል፣ ይደናቀፋል፣ መጫወቱን ትቶ ጥግ ይይዛል። ቤተሰቡ «ጨለማ ይፈራል» ይላል።

ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን አመሻሹ ላይ ተከታተሉት። ሌሎች ልጆች በሚሮጡበት ብርሃን እሱ እየዳበሰ የሚሄድ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዳፍንት የእጥረቱ መጀመሪያ ምልክት ነው፤ ችላ ከተባለ ዓይንን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች በየ6 ወሩ የሚሰጣቸው የቫይታሚን ኤ እንክብል አለ። ልጃችሁ አምልጦት እንደሆነ ጠይቁ። በራሳችሁ ገዝታችሁ ግን አትስጡ፤ ከመጠን ካለፈ ይጎዳል።

ምግቡ አካባቢያችን ሞልቷል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ እንቁላል፣ ጉበት። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንችም ለዚህ ተመራጭ ነው፤ ነጩ ያን ያህል የለውም። ቅጠሉንና ካሮቱን በትንሽ ዘይት ስሩት፣ ቫይታሚኑ ያለ ቅባት በደንብ አይገባም።

ዓይኑ ደህና ከሆነ ወደ ቀጣዩ እንለፍ።

2. ማስፈራሪያውን ከቤት አስወጡ

«ዝም ካላልክ አያ ጅቦ ይመጣል።» «ካልበላሽ ለጭራቁ ነው የምሰጥሽ።» «እዚያ ክፍል እንዳትገባ፣ የሚበላ ነገር አለ።» በዚህ ያላደገ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነው። ለጊዜው ይሠራል፤ ልጁ ዝም ይላል፣ ይበላል። ማታ ግን ያ ጅብ አብሮት ይተኛል። ቀን ቀን «ይመጣል» ብለን ማታ «የለም» ብንለው የቱን ይመን?

ይህን ማስቆም ያለባችሁ እናንተ ብቻ አይደላችሁም። ልጁን የምትጠብቀው ሠራተኛ፣ አያቱ፣ ታላላቆቹ፣ የግቢው ጎረቤት ሁሉ መስማት አለባቸው። ለትልልቅ ሰዎች በአክብሮት ነው የሚነገረው፦ «እማማ፣ ማታ ማታ እየባነነ አስቸገረን፤ እባክዎ ጅቡን ለጊዜው እንተወው።» አብዛኞቹ አያቶች ለልጅ ልጃቸው ሲባል እሺ ይላሉ። ታላቅ ወንድም «ፈሪ፣ ቦቅቧቃ» እያለ የሚያሾፍ ከሆነ ለብቻው ጠርታችሁ ንገሩት፤ ሥራም ስጡት። ታናሹን አብሮ የሚያለማምድ ረዳት ይሁን። «ወንድ ልጅ አይፈራም» የሚለውንም ተዉት። ልጁ ፍርሃቱን ይደብቃችኋል እንጂ አይተወውም።

የጸሎቱን ነገር በጥንቃቄ ነው የማነሣው። ከመኝታ በፊት መጸለይ ልጅን ያረጋጋል፣ ቀጥሉበት። ብቻ «ሰይጣን እንዳይቀርብህ ጸልይ» ስንለው፣ ልጁ የሚሰማው «ሰይጣን አልጋዬ አጠገብ አለ» የሚለውን ነው። «ቀኑን በሰላም ስላዋልከን ተመስገን፣ እማዬን ጠብቅ፣ አባዬን ጠብቅ» ማለት ይበቃል።

ቴሌቪዥኑንም እዩት። ትልቁ ሰው የሚያየውን ግድያና ደም ሶፋው ጥግ የተኮራመተው ልጅም ያየዋል። ስልክ ላይ የሚያልፉ አጫጭር ቪዲዮዎችም እንዲሁ።

3. የሚፈራውን ለዩ

«ጨለማ እፈራለሁ» የሚል ልጅ ሁሉ አንድ ነገር አይደለም የሚፈራው። አንዱ ድምፅ ነው፣ አንዱ ጥላ ነው፣ አንዷ ብቻዋን መቅረት ነው፣ ሌላው የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው። ካልለያችሁ በጨለማ ውስጥ ትለፋላችሁ።

ጥያቄው በቀን ይጠየቅ፤ ማታ ፍርሃቱ ላይ እያለ አይሆንም። ወረቀትና እርሳስ ሰጥታችሁ «ማታ የምትፈራውን ሣልልኝ» በሉት። ወይ ገላውን እያጠባችሁ፣ እጃችሁ ሥራ ላይ እያለ ጠይቁት። ልጆች ዓይን ለዓይን ከሚጠየቁ ይልቅ እንዲህ ሲሆን ያወራሉ። አታርሙት፣ አትሳቁ። «ታዲያ ያኔ ምን ታደርጋለህ?» እያላችሁ አስቀጥሉት።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ልጁ የሚፈራው ጨለማውን ሳይሆን አንድን ሰው፣ ወይም ከአንድ ሰው ጋር መተኛትን ከሆነ ሁሉን ትታችሁ አዳምጡት። የሰውዬው ዘመድነት ወይም ክብር ከጆሯችሁ እንዳይከልለው። ያኔ የሚያስፈልገው ልጁን ከዚያ ሰው መለየትና እርዳታ መጠየቅ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ልምምድ ለዚያ ልጅ አይሆንም።

ድምፅ ከሆነ የሚያስፈራው የድምፁን ባለቤት አሳዩት። የኛ ከተማ ሌሊት ጸጥ ያለ አይደለም። ቀን በፀሐይ የተለጠጠ ቆርቆሮ ማታ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ጣራው ይንኳኳል። ቀን ጣራውን በረጅም ዘንግ መታ መታ አድርጉና «ይህ ነው ወይ የሰማኸው?» በሉት። ኮርኒሱ ማዳበሪያ ወይም አቡጀዲ ከሆነ ነፋስ ሲገባ ይተነፍሳል፤ አንድ ጥጉን ገፋ ገፋ አድርጋችሁ አሳዩት። ሐይቁ አጠገብ ያላችሁ እንቁራሪቱ አለ፣ ጉማሬው አለ፣ ዛፍ ላይ የሚያድሩት አባ ኮዳዎች ክንፋቸውን ሲያራግፉ የሚሰማው አለ። አሞራ ገደል ወስዳችሁ አባ ኮዳውን ዓሣ ሲለምን ያየ ልጅ ማታ ክንፉን ሲሰማ ሌላ ነገር አያስብም። ከከተማው ዳር ያላችሁ ጅብ ይሰማ ይሆናል። ያኔ «ጅብ የለም» ብላችሁ አትዋሹ። «አለ፤ ውጪ ነው፤ በራችን ተቆልፏል፣ እሱም ምግቡን ፍለጋ እያለፈ ነው» በሉት። ከዚያ ተነሥታችሁ መቀርቀሪያውን አብራችሁ አረጋግጡ።

ጥላ ከሆነ አጎበሩን ጠርጥሩት። ሐዋሳ ወባ አለ፣ አጎበር የግድ ነው። ከአልጋው በላይ የተንጠለጠለ ነጭ ነገር ግን በደብዛዛ ብርሃን ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ይመስላል፤ ነፋስ ሲነካው ይንቀሳቀሳል። ለፍርሃቱ ብላችሁ አጎበሩን አታውልቁ። ቀን ቀን ድንኳን አድርጋችሁ አጫውቱበት፤ ውስጡ ተረት ይነገር፣ አሻንጉሊት ይተኛበት። ጫፉን ከፍራሹ ሥር ራሱ ልጁ ይወትፈው፤ የራሱ ቤት አጥር ይሆንለታል። በር ኋላ የተሰቀለ ካፖርትና ወንበር ላይ የተቆለለ ልብስም እንደዚያው ነው፤ ከመኝታ በፊት ይነሣ።

በየማታው አልጋ ሥር ባትሪ እያበሩ «ጭራቅ የለም፣ አየህ?» ማለትን ግን አልወደውም። አንድ ጊዜ ለማሳየት ይሁን። በየቀኑ ከተፈለገ ልጁ «ዛሬ ባይኖርም ነገ ሊኖር ይችላል ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል።

4. ጨለማው ሲመጣ አብራችሁ እዩት

ልጆች ጨለማን የሚያውቁት ማብሪያ ማጥፊያው ቀጭ ሲል በድንገት ነው። ቀስ እያለ ሲመጣ አይተውት አያውቁም። አንድ ቀን 12 ሰዓት ሳይሞላ ፍቅር ሐይቅ ወስዳችሁ አስቀምጡት። ፀሐይዋ ማዶ ስትገባ፣ ውኃው ከቢጫ ወደ ግራጫ ሲዞር፣ የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትወጣ ይይ። «አሁንም ያቺ ጀልባ ትታይሃለች?» እያላችሁ ጠይቁት። ጭልም ሳይል ተመለሱ፤ ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊበላ ከውኃ ይወጣልና ዳርቻው ላይ አትቆዩ። ሐይቁ ከራቃችሁ የቤታችሁ ደጃፍ በረንዳም ይሆናል።

እቤት ደግሞ ይህን ሙከራ ሞክሩ፤ ልጆች ይወዱታል። መብራት በበራበት ክፍል የልጁን አንድ ዓይን በሻሽ ሸፍናችሁ እሰሩለት። እናንተም የራሳችሁን ሸፍኑ። 10 ደቂቃ ያህል ቆሎ እየበላችሁ ቆዩ። ከዚያ መብራቱን አጥፉና ሻሹን አውልቁ። «አንዱን ዓይንህን ጨፍን፣ አሁን ደግሞ ሌላውን።» የተሸፈነው ዓይን ጨለማውን ለምዶታል፣ ያያል፤ ሌላው ድፍን ነው የሚልበት። ዓይን ጨለማን ሙሉ ለሙሉ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ልጁ ይህን በገዛ ዓይኑ ካየ በኋላ መብራት ሲጠፋ የምትሉት ቃል አገኛችሁ፦ «ዓይንህን ጠብቀው፣ እየመጣ ነው።» «አትፍራ» ከሚለው ቃል በጣም ይሻላል። የሚጠብቀው ነገር ይሰጠዋል።

5. ኩኩሉ

ከዚህ ሁሉ እርምጃ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ኩኩሉ ሁላችንም ያደግንበት ድብብቆሽ ነው። ፈላጊው «ኩኩሉ!» ይላል፣ የተደበቀው «አልነጋም!» ይላል፣ ሲዘጋጅ «ነግቷል!» ይላል። ለጨለማ ልምምድ ታስቦ የተሠራ እስኪመስለኝ ድረስ የሚገጥም ጨዋታ ነው።

ከራት በፊት፣ ልጁ ሳይደክመውና ሳይርበው ጀምሩ። የመኝታ ቤቱን መብራት አጥፉ፣ የሳሎኑ ይብራ፣ በሩ ይከፈት። በመጀመሪያው ዙር እናት ወይም አባት ጨለማው ክፍል ይደበቁ። ልጁ በር ላይ ቆሞ «ኩኩሉ!» ሲል ከጨለማው ውስጥ የእናቱ ድምፅ «አልነጋም!» ይለዋል። ያ ክፍል እስከ ትናንት ዝም ሲል የነበረ ክፍል ነው። አሁን መለሰለት፣ ያውም በእናቱ ድምፅ። ሦስት አራት ዙር በዚህ ቆዩ። መጀመሪያ ላይ በር አጠገብ፣ ቀጥሎ አልጋው ኋላ ተደበቁ።

ከዚያ ተራው ይዞራል፤ እሱ ይደበቅ። የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደበቅ አንድ እግሩን ሳሎን ትቶ፣ በሩን እንደያዘ ነበር «አልነጋም» ያለው። እናቱ እግሩን እንዳላየች ሆና ሶፋው ሥር፣ መጋረጃው ኋላ ፈለገችው። በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ሌላ ቀን ሁለቱም እግሮቹ ገቡ። ቀጥሎ ቁም ሣጥኑ ጎን ደረሰ። ማንም «ግባ» አላለውም።

የዚህ ጨዋታ ኃይሉ «ነግቷል» የሚለው ቃል በልጁ እጅ መሆኑ ላይ ነው። ሲፈልግ ያነጋዋል። ጨለማው የሚያልቅበትን ጊዜ እሱ ይወስናል። ከበደኝ ካለ ወዲያው «ነግቷል» ይበል፣ ወዲያው ግቡ። እያሾፋችሁ አታዘግዩ። ጨለማ ውስጥ «ባ!» ብላችሁ አታስደንግጡት፣ ታላላቆቹም እንዳያደርጉት። አንድ ድንጋጤ የስንት ቀን ሥራ ያፈርሳል።

ባትሪ ካላችሁ ግድግዳ ላይ በእጅ ጥላ መሥራትም ጥሩ ነው። ውሻ፣ ወፍ፣ ጥንቸል። ጥላውን ራሱ የሠራ ልጅ ጥላ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል።

6. መሰላሉ

ጨዋታው ካለማመደው በኋላ ወደ ቁም ነገሩ እንሄዳለን። ፍርሃት ሲጀምር ይወጣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ ልጁ እዚያው ከቆየ በራሱ ይወርዳል። ጫፉ ላይ እያለ ከሸሸ ግን «የዳንኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ እርምጃ ልጁ ሊቆይበት የሚችለው ያህል ትንሽ ይሁን። ወደ መኝታ ቤት ብቻዋን ለማትገባ የ5 ዓመት ልጅ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ሀ. መብራት በርቶ፣ እናት በር ላይ ቆማ፣ ሚጣ ገብታ ትራሷን ታመጣለች።
ለ. መብራት በርቶ፣ እናት ሳሎን ሆና እያናገረቻት፣ ገብታ ታመጣለች።
ሐ. መብራት ጠፍቶ፣ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ከእናቷ ጋር አልጋው ላይ ተቀምጠው አንድ ተረት ይጨርሳሉ።
መ. እንደዚያው ሆኖ እናት በር ላይ ትሆናለች፣ ልጅቷ 20 ትቆጥራለች።
ሠ. በሩ ገርበብ ይላል፣ እናት ሳሎን ናት፣ ልጅቷ 20 ትቆጥራለች።
ረ. በጨለማ ገብታ ቀን ራሷ ያስቀመጠችውን ዕቃ ፈልጋ ታመጣለች።

አንዱን እርምጃ እስኪሰለቻት ድረስ ደጋግሙት። ልጅ «ይሄማ ቀላል ነው» ማለት ስትጀምር ወደሚቀጥለው እለፉ። አንድ ቀን ሁለት እርምጃ ብትዘል ደስ ይላል፤ ሳምንት አንዱ ላይ ብትቆይም ምንም አይደለም። ካለቀሰች ወደ ቀድሞው ውረዱ፣ እሱን አሠርታችሁ በድል ይብቃ። በልቅሶ እንዳያልቅ።

ምስጋናው ያደረገችውን ነገር ይጥራ። «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም። «ልብሽ ድው ድው እያለ እንኳ 20 ቆጠርሽ» በሏት። የግድግዳው ካላንደር ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ኮከብ ማድረግ ለብዙ ልጆች ይበቃል። ከረሜላና ገንዘብ ባታስለምዱ ይሻላል፤ ማታ ጣፋጭ ለጥርስም አይሆንም።

ልጅን ለብቻው ማስተኛትን በተመለከተ፦ ልጅን አብሮ ማስተኛት ነውር አይደለም። በብዙ ቤታችን ልጆች ከእናት ጋር ወይም ከእህት ወንድም ጋር ነው የሚተኙት፣ ክፍሉም አንድ ነው። የዚህ መመሪያ ዓላማ ልጅን ከአልጋ ማስወጣት አይደለም። አልጋ ልትለዩ ካሰባችሁ ግን ሕፃን የተወለደ ሰሞን አታድርጉት። ልጁ ሕፃኑ ቦታውን እንደቀማው ነው የሚያየው። ከመውለዳችሁ ብዙ ቀደም ብላችሁ ወይም ሕፃኑን ከለመደ በኋላ ይሁን።

ስትለዩት ደግሞ በመመለስ አስለምዱት። «ወጡን አማስዬ 2 ደቂቃ ውስጥ እመጣለሁ» ብላችሁ ውጡ፣ በ2 ደቂቃ ተመለሱ። ሳይጠራችሁ ተመለሱ። ቀጥሎ 5 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 10። «መጣሁ» ብሎ መቅረት ሁሉን ያበላሻል። ልጁ እንዳይተኛ የሚያደርገው የእናንተ አለመኖር ብቻ አይደለም፣ መምጣታችሁን አለማወቁ ጭምር ነው።

7. ሰዓቱና መብራቱ

የደከመ ልጅ ይበልጥ ይፈራል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይፈልጋል፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ከ9 እስከ 12። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ለትምህርት ቤት የሚነሣ፣ ቀን የማይተኛ የ5 ዓመት ልጅ ቢዘገይ ቢዘገይ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። ስልክና ቴሌቪዥን ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድመው ይጥፉ። ቅደም ተከተሉ በየቀኑ አንድ ይሁን፦ እግር መታጠብ፣ ሽንት፣ ጸሎት፣ ተረት፣ አጎበር። ተረቱ የሚያስቅ እንጂ ልጅ የሚበላበት አይሁን።

ትንሽ መብራት ማብራት ምንም ክፋት የለውም። ቢጫ ወይም ቀይ፣ ደብዛዛ፣ ከአልጋው ዝቅ ብሎ ዓይን ውስጥ የማይገባ ይሁን። ነጭና ደማቅ ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሆርሞን ያፍናል፤ ትንንሽ ልጆች ላይ ይብሳል። ሲለምድ መብራቱን ከአልጋው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ሳሎን አርቁት። አምፖል ላይ ጨርቅ አታልብሱ፣ ይቃጠላል። ሻማና ኩራዝ ልጅ በተኛበት ክፍል ብቻቸውን አይተዉ፤ አጎበር በአፍታ ነው የሚነደው። የአሻንጉሊት መብራት ከገዛችሁ የባትሪ ቤቱ በብሎን የሚዘጋ ይሁን። እነዚያ እንደ ሳንቲም ድቡልቡል ባትሪዎች ከተዋጡ ጉሮሮ ያቃጥላሉ። ልጅ ከዋጠ ሳይዘገይ ሆስፒታል ነው።

8. ሌሊት ሲባንን

ሁለት ዓይነት አለ፣ የምትሠሩትም ይለያያል። ቅዠት ብዙውን ጊዜ ወደ ንጋቱ ይመጣል። ልጁ ይነቃል፣ ያለቅሳል፣ ያየውን ይነግራችኋል። እቀፉት፣ «ሕልም ነው፣ አለሁ» በሉት፣ እዚያው አልጋው ላይ አስተኙት። ዝርዝሩን ሌሊት አታስወሩት፤ ጠዋት ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ያስደነግጣል። ልጁ በተኛ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ድንገት ይጮኻል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ያልበዋል፣ ብትጠሩትም አያውቃችሁም። ብዙ ሰው «ነገር ነካው» ይላል። ልጁ ግን አልነቃም፣ ከባድ እንቅልፍ ላይ ነው። አትወዝውዙት፣ ውኃ አትርጩበት። እንዳይወድቅ አጠገቡ ቁሙ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይተኛል፣ ጠዋትም አያስታውሰውም። አብዛኞቹ ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ሰውነቱን የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ወይም ከተደጋገመ ሐኪም ይየው።

9. ሽንት ቤት

ሽንት ቤቱ ግቢ ጥግ ከሆነ አዋቂም ይከብደዋል። ለትንንሾች ፖፖ አልጋው ሥር ይቀመጥ። ከፍ ላሉት መንገዱን በቀን አብራችሁ ሂዱት፣ እርምጃውን ቁጠሩ። ማታ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ቀጥሎ እስከ ግማሽ መንገድ ሸኙት፣ ቆማችሁ አውሩት። አልጋ ላይ የሸና ልጅ አይመታ፣ በጎረቤት ፊት አይነገርበት። ከ5 ዓመት በታች ያለማ ገና ነው። ፈርቶ ለያዘው ሽንት ቅጣት ቢጨመርበት ጭራሽ ይብስበታል።

10. መብራት ሲሄድ

መብራት መሄዱ አይቀርም። ልጁ ጨለማውን ከማየቱ በፊት የኛን «ውይ!» ነው የሚሰማው። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ የጀመራችሁትን ወሬ አታቋርጡ። ባትሪው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይሁን፣ እሱን ማምጣትም የልጁ ሥራ ይሁን። በሳምንት አንድ ማታ እራት ላይ ራሳችሁ አጥፉትና ተለማመዱ፤ ማን ቀድሞ ባትሪውን ያገኛል? ክረምት ላይ መብረቅና መብራት መጥፋት አብረው ሲመጡ ይህ ልምምድ ያኔ ይጠቅማል።

ሐኪም መቼ?

ፍርሃቱ ከ6 ወር በላይ ካለፈ፣ እንቅልፉንና ትምህርቱን ካወከ፣ ከአደጋ ወይም ከቅርብ ሰው ሞት በኋላ ድንገት ከጀመረ፣ ወይም ቀን ቀንም ከናንተ መለየት ካቃተው ባለሙያ ይየው። ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ካስፈለገ ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይልኳችኋል። ጸበሉንና ጸሎቱን የያዘ ቤተሰብ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል።

ሲመለስበት

ልጁ ድኗል ካላችሁ በኋላ ይመለስበታል። ትኩሳት ሲይዘው፣ ቤት ስትቀይሩ፣ አባቱ መስክ ሲወጣ፣ አዲስ ትምህርት ቤት ሲገባ። ከመሰላሉ ሁለት ደረጃ ወርዳችሁ ቀጥሉ፤ ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ያጥራል። ለበዓል ገጠር ስትወርዱ ደግሞ የዚያ ጨለማ ከከተማው ጋር አይገናኝም፣ የመንገድ መብራት የለም። ሳይመሽ ድረሱ። የሚተኛበትን፣ ሽንት የሚወጣበትን፣ በሩን በብርሃን አሳዩት። የራሱን ትራስና ባትሪ ይዞ ይሂድ፤ የመጀመሪያውን ማታ አጠገባችሁ ይተኛ፣ በሁለተኛው ከአክስቶቹ ልጆች ጋር ኩኩሉ ይጫወት።